የኦቦ ቶሎሳ አንጀት የታጠበበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ጎሚስታ ያረጀ ጎማ አቃጠለ። እኔ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ የያዝኩትን አንሶላ ገመዱ ላይ ሳላደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ጽዮን ከውስጥ ወጥታ ምን ሆንሽ ብትለኝ ምንም አልሆንኩም አልኳት። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ለሌላው ሰው የጎማ ሽታ ነው። እኔን ግን ከምኖርበት ከፉሪ አንስቶ ሰበታ፣ ያቺ ጠባብ የኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ያቆመኛል፤ ከእሱ ሽታ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ ይመጣል፣ የሰው ሆድ ዕቃ ሽታ። ጎሚስታውን ሄጄ ልቆጣው አስቤ ነበር። ልጁ ያ ሁሉ ሲሆን ገና ፊደል ቆጣሪ ነበር፤ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ያን ጊዜ ሰበታ ውስጥ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነበርኩ። የምኖረውም ዓለም ገና ነበር። ከዓለም ገና መገንጠያ ሰበታ ለመድረስ የሚከፈለው ከቦርሳ ሥር ተለቅሞ በሚሞላ ሳንቲም ነበር፤ ረዳቱ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ይሰጥሻል። ዛሬ በዚያ ገንዘብ ማስቲካውም አይገኝም። ጠዋት ጠዋት የአበባ እርሻና የፋብሪካ ሴቶች ጋዋናቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረው፣ ነጠላ ጫማ ከነካልሲው አድርገው መንገዱን ሞልተውት ይሄዱ ነበር። መናኸሪያው ጥግ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ሙዚቃ ቤት ስል የካሴቱ ዘመን አልፎ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጫንበት ዘመን ነው። ባለቤቱ ከማለዳ ጀምሮ ድምፅ ማጉያውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ አንዱ የኦሮምኛ ዘፈን ሲያልቅ ሌላውን ይቀጥላል፤ ግማሹን ቃል ባልረዳም ዜማውን ይዤ እያንጎራጎርኩ ነበር ሥራ የምገባው። ልጃገረዶቹ ጠባብ ጅንስ ይወዱ ነበር፤ ወንዶቹ ጎንና ጎን ተላጭተው መሀሉን ያቆሙታል። ሽንኩርት የተወደደ ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሽንኩርት ብቻ ነበር። ከዚያ ወሬው ቀስ በቀስ ተለወጠ። ስለ ካርታ፣ ስለ ፕላን፣ የማን ማሳ ተለካ፣ ማን ተነሣ፣ ካሳው ለምን አይበቃም ሆነ።

ዓመቱን ቆጥሬ አልናገርም፤ ጥፋቱ የማን ነው የሚለውንም እኔ አልፈርድም። እኔ የማስታውሰው አንድ ጠዋት በመናኸሪያው ሳልፍ ሙዚቃ ቤቱ ዝም ማለቱን ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ድምፅ ማጉያው ወደ ውስጥ ገብቷል። የዚያኑ ሰሞን ወጣቱ ለተቃውሞ ወጥቶ የሱሉልታ መንገድ ተዘጋ ተባለ፣ ቀጥሎ ቡራዩ፣ ቀጥሎ የእኛው መንገድ። ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ናሆም ሚስቱን ቡራዩ የኪራይ ቤት ትቶ መመለሻ ያጣ ሰው ነበር። ሰመመን ሰጪያችን ጉተማ ደግሞ የሱሉልታ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያው ናቸው። ሁለቱም ሆስፒታሉ ውስጥ በበሽተኛ አልጋ ላይ ያድሩ ነበር። ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። እኔ በእግሬ በጓሮ በጓሮ እየዞርኩ እገባለሁ፤ ጽዮንን ጎረቤቴ ጋ አስቀምጬ ነው የምመጣው።

ኦቦ ቶሎሳ የመጡት በዚያ ሰሞን፣ በገና ጾም መግቢያ፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ከተጂ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት። አስፋልቱ በድንጋይና በግንድ ስለተዘጋ በጋሪ፣ በታጨደ ማሳ ለማሳ፣ ፈረሱ አልሄድ ሲል ደግሞ በቃሬዛ። ረጅም፣ ጠይም፣ ሽማግሌ ሆነው አገር የሚያስታርቁ ገበሬ ናቸው። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ገፍቶታል። ሰገራም አየርም መውጣት ካቆመ ሰንብቷል፤ ማስታወክም ጀምረዋል። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ከቃሬዛው ፊት ፊት እየሄዱ ነው የደረሱት፤ በእጃቸው የሰላምና የልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘዋል። መንገድ የዘጉት ወጣቶች ዘንድ ሲደርሱ ሣሩን ከፍ አድርገው ያሳያሉ፣ ልጆቹ ድንጋዩን ያነሳሉ። ወታደሮቹ ዘንድ ሲደርሱም ያንኑ ሣር ያሳያሉ። ሁለቱም ወገን አሳልፏቸዋል። ይህንን የነገሩኝ ቃሬዛውን የተሸከሙት ዘመዶች ናቸው።

በሽታው አንጀት መጠማዘዝ ነው። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል በራሱ ላይ ዞሮ እንደ ጆንያ አፍ ይቋጠራል፤ ከላይ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይታገዳል። እኛ አገር ገበሬ ላይ የተለመደ ነው። ዶክተር ናሆም በታች በኩል ቱቦ አስገብቶ ሊፈታው ሞከረ፤ አንዳንዴ በዚያ ብቻ ፍስስ ብሎ ይተነፍሳል። ቱቦው ደም ይዞ ወጣ። ያንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ አንጀቱ መሞት ጀምሯል ማለት ነው። አዲስ አበባ እንዳንልካቸው አምቡላንሱ ወለቴ ላይ መስታወቱ ረግፎ ተመልሶ ግቢው ውስጥ ቆሟል።

ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ጎንበስ ብሎ ነገራቸው። አሁኑኑ ሆድዎ መከፈት አለበት፣ የሞተው አንጀት ይቆረጣል፣ የቀረውን ወዲያው መግጠም አደገኛ ስለሆነ ምናልባት ጫፉ በሆድዎ በኩል ወጥቶ ሰገራው በላስቲክ ከረጢት ይጠራቀማል፣ ከወራት በኋላ መጥተው በሁለተኛ ኦፕራሲዮን ይመለሳል አላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ጉተማ በኦሮምኛ ሊደግምላቸው ሲል እጃቸውን አንስተው ገባኝ አሉ።

«መንገዱን አይተኸዋል ልጄ?» አሉት። «ከወራት በኋላ በየት በኩል ነው የምመጣው?»

እሳቸው ትንሽ ተነፈሱና በቀስታ ቀጠሉ። ያንን ይዘው ቤተ ክርስቲያን መቆም እንደማይችሉ፣ ሰው መሀል ተቀምጠው ማስታረቅ እንደማይችሉ፣ ከረጢቱ ቢያልቅ ተጂ ገበያ የሚገዛ ነገር እንዳልሆነ ነገሩት። ይሄ ሁሉ እውነት ነበር። እኛም መጋዘን ውስጥ የቀሩን ከረጢቶች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። በመጨረሻ እንዲህ አሉት፦

«ሞት ከመጣ አንተን አልከስህም። ከተረፍኩ ግን ሰው አድርገህ መልሰኝ።»

ዶክተር ናሆም እጃቸውን ይዞ ቃል አልገባልዎትም፣ ሆድዎን ከፍቼ ያየሁትን አይቼ የምችለውን አደርጋለሁ አለ። አዴ ጫልቱ በጣታቸው ፈረሙ። እኔ እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

መብራት ስለሌለ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ናፍጣው እስከ መቼ እንደሚዘልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ከውጭ የጎማው ጭስ በመስኮቱ ክፍተት ይገባል፤ በእርጥብ ጨርቅ ብንደፍነውም ይገባል። ጉተማ አስተኛቸው። ዶክተር ናሆምን የምትረዳው ዶክተር ሰላም ናት፤ ከትምህርት ቤት በወጣች በዓመቷ፣ ፈጣን እጅ ያላት፣ ስትፈራ ዝም የምትል ልጅ። ሆዳቸው ሲከፈት አንጀቱ የሰው ጭን አክሎ ብቅ አለ። የተጠማዘዘው ክፍል እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ ዶክተሩ ፈትቶ፣ በሞቀ ጨርቅ ሸፍኖ ጠበቀው፤ ቀለሙ አልተመለሰም። ያንን ቆርጦ አወጣው። ከዚያ በላይ ያለው አንጀት ግን ቀይ ነው፣ ሕያው ነው፣ ሲነኩት ይንቀሳቀሳል። ችግሩ እስከ ላይ ድረስ በሰገራ መሞላቱ ነው።

ሐኪም ላልሆነ ሰው እንዲገባ ልንገራችሁ። ሰገራ የሞላው አንጀት ተሰፍቶ ቢገጠም ያ ጭነት ስፌቱን ይገፋዋል፤ ስፌት ከለቀቀ ቆሻሻው ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ሰውየው ይሞታል። ለዚህ ነው የተለመደው መፍትሔ ከረጢቱ የሆነው። ሌላ መንገድ አለ፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሆዱ እንደተከፈተ፣ አንጀቱን ከላይ እስከ ታች በለብ ያለ ውሃ ማጠብ። በትርፍ አንጀቱ በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ውሃ ይለቀቅበታል። በተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ሰፊ ቱቦ ይታሰራል፣ ጫፉ ከጠረጴዛው ሥር ባልዲ ውስጥ ይወርዳል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል፤ ጊዜ ይፈጃል። ዶክተር ናሆም መምህሩ ሲሠራው ረድቷል እንጂ በራሱ እጅ ሠርቶት አያውቅም። ይህንን እዚያው፣ እጁ ሆድ ውስጥ እንዳለ፣ ሳይደብቅ ነገረን።

«ምን ይመስላችኋል?» አለ።

ጉተማ የደም ግፊታቸው ደህና ስለሆነ እንደሚችሉት ነገረው። እኔ ውሃውን ከየት እናመጣለን አልኩ። የሚሰቀለው የጨው ውሃ ከመጋዘን እያለቀ ነበር፤ ዶክተሩም ያ ለቆሰለ ሰው ይቀመጥ፣ እንዳይነካ አለ። ለአንጀት የሚሆነው ንጹህና ለብ ያለ ይሁን እንጂ ጨው ተለክቶ የገባበት የፈላ ውሃም ይበቃል። ስለዚህ ከሮቶው ውሃ ተቀድቶ በልብስ ማጠቢያው ትልቅ ብረት ድስት ተጣደ። የሚያመላልሱት ሴቶች በማንቆርቆሪያ እስከ በሩ ያደርሳሉ፤ አንዲት ነርስ ተቀብላ በክንዷ ሙቀቱን ፈትሻ ለጉተማ ትሰጠዋለች፤ እሱ ከፍ አድርጎ በሰቀለው የውሃ ከረጢት ውስጥ ይሞላዋል። የታችኛውን ሰፊ ቱቦ ከሰመመን ማሽኑ መለዋወጫ አገኘን። ዶክተሩ አንጀቱን ቱቦው ላይ አልብሶ በወፍራም ክር አሰረው፤ ውሃው ተለቀቀ።

መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ከዚያ ያ ሰፊ ቱቦ ከበደ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ባልዲው ውስጥ እንደ ጭቃ ዱብ አለ። ሽታውን ልገልጸው አልችልም። ዶክተር ናሆምና ዶክተር ሰላም አንጀቱን ከላይ ወደ ታች በቀስታ፣ ላም እንደማለብ፣ እያለቡ ይገፉታል። ጠንካራውን ነገር በጣቶቻቸው መሀል ያፍረከርኩታል፣ ውሃው ይወስደዋል። ባልዲው ሲሞላ ተለወጠ። አሁንም እንደ ጭቃ ነው።

ተኩሱን የሰማነው ያኔ ነው። ቅርብ ነበር። ማንም ቀና አላለም። ትንሽ ቆይቶ የድንገተኛ ክፍሉ ነርስ በሩን ከፍቶ ጭንብሉን አፉ ላይ ይዞ ቆመ። አንዲት የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ሌንሴ የምትባል፣ ከሥራ በእግሯ ስትመለስ ጭኗን ተመታለች፤ ደሙን በእጁ ተጭኖ የያዘ ሰው አለ፣ እጁን ሲያነሣ ይፈነጥቃል አለ። ከእኛ ቀጥሎ ባለችው ትንሽ ክፍል አስገብተዋታል። ያለን የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ አንድ ነው፤ እሱም ላይ ኦቦ ቶሎሳ አሉ።

ዶክተር ናሆም ባልዲውን አየ። ቶሎ የሚጨርስበት መንገድ ነበረው፤ ቱቦውን ፈትቶ፣ የአንጀቱን ጫፍ በሆዳቸው ላይ አውጥቶ ሰፍቶ መዝጋት። ዓይኑ ላይ ያንን ሲያስብ አየሁት። ዶክተር ሰላምም አየችው። በጨርቅ የተሸፈነው የሽማግሌው ፊት ላይ ጉተማ እጁን አሳርፎ ነበር።

«ማጠቡ አሁን የሚፈልገው እጅና ውሃ ብቻ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰላም፣ አንቺ ግፊ። ሲስተር ብዙነሽ፣ እርስዎ ቋጠሮውን ይጠብቁልኝ። ጥርት እስኪል እንዳታቆሙ። እመለሳለሁ።»

ጓንቱን አውልቆ ወጣ። ከግድግዳው ወዲያ የብረት ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማናል፤ የልጅቷን ድምፅም አንዴ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ግን አልሰማናትም።

ውሃው ይወርዳል። ዶክተር ሰላም ትገፋለች። እኔ ቱቦው የታሰረበትን ይዣለሁ። ከቆይታ በኋላ በጣቶቼ ሥር አንድ ነገር ሸርተት ሲል ተሰማኝ። አንጀት እርጥብ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ቋጠሮው ወደ ጫፉ እየሄደ ነበር። ቢወልቅ ያ ሁሉ ጭቃ ተመልሶ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። እንደገና ላስረው ብል አንድ እጄን መልቀቅ አለብኝ። ውሃውን ዝጋው ለማለት አፌን ስከፍት ጉተማ አይቶ ዘግቶት ነበር፤ ያለው ግን መውረዱን አላቆመም። ሁለቱን እጆቼን አንጀቱና ቱቦው ላይ ጠቅልዬ ያዝኩ። ጠብቄ ከያዝኩ አንጀቱ ይቀደዳል፣ ካላላሁ ያመልጣል። ዶክተር ሰላም በሹክሹክታ ልሰርልዎት አለች፤ እጇን ግን ከላይ ካነሳች ያፈረከረከችው ሁሉ ወደኋላ ይመለሳል። እንዳትነኪ አልኳት። እንደ ልጅነቴ ነበር እመቤቴን የጠራሁት፤ በሆዴ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ሕያው አንጀት በእጄ ይዤ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። እንደዚያን ቀን ግን ሰው በእጄ ላይ ተንጠልጥሎ አያውቅም። ጉተማ ጥቂት ጠብቆ ውሃውን በቀጭኑ ለቀቀው።

ግቢው ውስጥ ጫጫታ ተነሣ። በኦሮምኛ የሚጮሁ ሴቶች ነበሩ። ጉተማ ዓይኑን ከኦቦ ቶሎሳ ሳያነሣ የታጠቁ ሰዎች ግቢ ገብተዋል እያሉ ነው፣ ልጅቷን ያመጧትን ይፈልጋሉ አለን። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው። የቦት ጫማ ድምፅ ኮሪደሩን ይዞ መጣ። አንድ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሌላ በር ተከፈተ። ከዚያ የእኛው።

መለዮ የለበሰ ወጣት መሣሪያውን እንዳነገበ ደፉ ላይ ቆመ። የተከፈተውን ሆድ አየ፣ በእጄ የያዝኩትን አየ፣ ባልዲውን አየ። ሽታው ያኔ የደረሰው ይመስለኛል፤ በክንዱ አፍንጫውን ሸፈነና ምንድን ነው የምትሠሩት አለ።

«የሰው አንጀት እያጠብን ነው» አልኩት። «እጄን ማንቀሳቀስ አልችልም። ልጄ፣ በሩን ዝጋልኝ፣ አቧራ ይገባል።»

እስከ ዛሬ ያን ድምፅ ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም። ወጣቱ ፊቱ ነጣ፤ ይቅርታ እናቴ ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ፣ እንደ ቤት ልጅ፣ ዘጋልኝ። ቦት ጫማው በመጣበት ተመለሰ። ከእኛ ቀጥሎ ያለውን በር አልከፈተውም። ሌንሴ ከዚያ በር ወዲያ ተኝታ፣ ዶክተር ናሆም ደም ሥሯን አስሮ እየጨረሰ ነበር።

ሲመለስ ጋዋኑን ለውጦ ነው፤ ጫማው ላይ ግን ደም ነበረ። ትኖራለች አለን፣ ሌላ አልተናገረም። እጄን አይቶ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ከእጄ ሥር ጣቱን አስገብቶ አዲስ ክር አዞረና አጠበቀው። ይልቀቁ አለኝ። ልለቅ አልቻልኩም፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። አንድ በአንድ እሱ ራሱ ነው የዘረጋልኝ። ከዚያ ባልዲውን ጎንበስ ብሎ አየ። የሚወርደው ውሃ ቀጭን ሻይ መስሎ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ያም ጠፋና የባልዲው ወለል ታየ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ አልጠፋም። ዶክተሩ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ በደቃቅ ስፌት ገጠማቸው። ሆዳቸው ሲዘጋ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ጨርቅ ላይ ቢጫ ሆኖ ወድቋል።

ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚጠበቀው ነገር ለሰሚው ያስቃል፤ ፈስ ነው። አየር ከወጣ አንጀቱ ሠራ ማለት ነው። ካልወጣና ሆዱ ተመልሶ ከተነፋ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ስፌቱ ለቋል ማለት ነው። እኛም ጠበቅን። በማግስቱ ትኩሳት መጣባቸው። ዶክተር ናሆም በየሰዓቱ እየተመላለሰ ሆዳቸውን ይነካል፣ ፊታቸውን ያያል፣ ይወጣል። ምግብ እምቢ አለው። አጥቤ ገደልኳቸው ይሆን ብሎ አንዴ ብቻ፣ ዶክተር ሰላም ፊት ሳይሆን እኔ ፊት፣ ጠየቀኝ። እኔም የራሴን እጅ ነበር የማየው፤ ቋጠሮው የተንሸራተተ ጊዜ ጠብታ አምልጦኝ ይሆን እያልኩ። ከክብራቸው የተነሣ ኦቦ ቶሎሳ እኔ አየር ወጣ ወይ ስላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሴት ልጅ ይህን ትጠይቃለች ብለው አያውቁም። ለጉተማ ብቻ፣ በኦሮምኛ፣ በጆሮው፣ ገና ነው ይሉታል።

ክፍሉ ሞልቶ ነበር። በእሳቸው ግራና ቀኝ የቆሰሉ ወጣቶች ተኝተዋል፤ በሩ ላይ ደግሞ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ተቀምጧል። ወጣቶቹ ጠባቂውን አያዩትም፣ እሱም አያያቸውም። ወጣቶቹ እርስ በርስ የሚያወሩት በዓይናቸው ነበር። ትኩሳቱ በለቀቃቸው ማግስት ጠዋት መድኃኒት እየሰጠሁ ሳለ ነው፤ ኦቦ ቶሎሳ ከጎናቸው ዞር ሊሉ ሲሞክሩ አንድ ረጅም፣ የማያሻማ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም ሰማ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሰው መሀል እንዲህ ሲሆን መሬት ትዋጠኝ የሚባልበት ነው። ከጥግ አንዱ ልጅ ሳቁን ለመዋጥ ሲሞክር አመለጠው፤ የተሰፋ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሌላው ቀጠለ። ጠባቂው ራሱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ለዶክተሩ ንገሪው» አሉ። «መንገዱ ተከፍቷል በይው።»

ኮሪደሩን እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ዶክተር ናሆም ሲሰማ ወንበር ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን ቀን እንጀራ በሽሮ በላ። የቡራዩ መንገድ ለጥቂት ሰዓታት ሲለቀቅ ሚስቱ ዘንድ ሄዶ አደረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። ሌንሴ ትንሽ እያነከሰች ወጣች፤ ዛሬ ሰበታ ልብስ ትሰፋለች፣ ሁለት ልጆች አሏት። ዶክተር ሰላም ለትምህርት ሄደች፣ አሁን ራሷ ቀዶ ሐኪም ናት። ጉተማ ሱሉልታ እናቱ አጠገብ ቤት ሠራ፤ በበዓል ይደውልልኛል። ዶክተር ናሆም ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፣ ወሬው ጠፋብኝ። ሙዚቃ ቤቱ ተመልሶ ተከፈተ፤ ኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ሲያወርድ ገበያ አጣና የሞባይል መሸጫ ሆነ። ኦቦ ቶሎሳም፣ ጠረጴዛው ላይ የሆነውን ጉተማ ለእሳቸውና ለአዴ ጫልቱ ካወራላቸው በኋላ፣ ያለ ከረጢት ቤታቸው ገቡ። አጨዳውን ጎረቤት ደርሶላቸው ነበር። ካሁን በኋላ ከባድ አይሸከሙ ቢባሉም ጉተማ እንደነገረኝ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ሞፈር ተሸክመው ታዩ።

አምና ጡረተኛ ሆኜ ፉሪ ተቀምጬ ሳለሁ ጉተማ ደውሎ ኦቦ ቶሎሳ በእርጅና፣ በእንቅልፋቸው ማረፋቸውን ነገረኝ። ለቅሶ ለመድረስ በሚኒባስ ተጂ ወረድኩ፣ ከዚያም በባጃጅ። ድንኳኑ ሞልቷል። ከአዴ ጫልቱ በቀር የማውቀው ሰው የለም፤ እሳቸውም ዓይናቸው ደክሟልና ያውቁኛል አላልኩም። በሩ ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ እግዜር ያጽናችሁ ስል ድምፄን ሰምተው ቀና አሉ። የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፈው ተነሡ፤ መጥተው ሁለቱን እጆቼን ያዙ፣ መዳፌን ገልብጠው በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞረው በኦሮምኛ ተናገሩ። ግማሹ ገባኝ፣ የቀረውን አንዲት ወጣት ተረጎመችልኝ።

«ይቺ የቶሎሳን አንጀት በእጇ ይዛ ያልለቀቀች ናት» ነው ያሉት።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ፣ በትራቸውን እየተደገፉ፣ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔ ነፍስ ይማር ብዬ አጎነበስኩ። አንድ አዛውንት ቦታቸውን ለቀቁልኝና ከአዴ ጫልቱ አጠገብ፣ ቤተ ዘመዱ መሀል፣ ተቀመጥኩ።